ያልቀለጠው ቅቤ

ኢንስፔክተር ፀደንያ ቅቤው አለመቅለጡን ያስተዋለችው ሰውየውን ካሰረችው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም አይታለች፤ በስልክ የታየውን ቅቤም፣ መሬት ላይ የፈሰሰውንም። የሁለቱ አለመመሳሰል ግን ሐሙስ አልከነከናትም። ሐሙስ የከነከናት ዝንቡ ነበር።

ጥሪው የመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ታች በምትወርደው አቋራጭ፣ ድልድይዋ ከተሰበረች ወዲህ እግረኛና ሞተር ሳይክል እንጂ መኪና በማያልፍባት መንገድ ዳር፣ አንዲት ሴት ሞታ ተገኝታለች። ሳጅን ኤርሳዶ መኪናውን ሲያስነሳ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። ፖሊስ ገና ቦታው ሳይደርስ የሶዶ ከተማ ሰው ሬሳውን አይቶ ጨርሷል። «ከዳሞታ ግርጌ» የሚባለው የወሬ ገጽ ዘጠኝ ሰከንድ የምትሆን ቪዲዮ ለጥፏል፤ ጠጉሩ የተንጨባረረ ሰው በወደቀች ሴት ላይ ጎንበስ ብሏል፣ እጆቹ በደም ርሰዋል። ከላይ በቀይ ፊደል «ገዳዩ እጅ ከፍንጅ፣ አሁን ከደቂቃዎች በፊት» ይላል። ከሥር ደግሞ ሰዉ የሚያለቅስ ፊትና የሚነድ እሳት ደርድሮበታል። ፀደንያ አይታ ስልኩን መለሰችለት።

ሟቿ ወይዘሮ ጥሩዬ ነበረች። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች የቅቤ ነጋዴ፣ ገበያ የወጣ ሁሉ የሚያውቃት ሴት። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል፣ ጭንቅላቷ ተፈንክቷል፣ ከጉልበቷ በላይ ብጣሽ ጨርቅ ታስሮበታል። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ገንዘብ አልተነካም። ፀደንያ ይህንንም በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ጻፈችና ገጹን ገለበጠች። ከሬሳው አጠገብ ቅቤው የተጠቀለለበት ኮባ ተቀዶ፣ ቅቤው ቀልጦ ሳሩ ውስጥ ሰርጓል። ጉንዳን ሰምጦበታል። ዝንብ ከሬሳው ወደ ቅቤው፣ ከቅቤው ወደ ሬሳው ይመላለሳል። ከሕዝቡ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ የኤርሳዶን ትከሻ እንደ ማስደገፊያ ተጠቅሞበት ነበር።

በቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ትግሉ ነው። ድሮ እህል ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ጆንያ ጀርባውን ከሰበረው ወዲህ እዚያው አቋራጩ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ በላስቲክና በቆርቆሮ ቀልሶ ይኖራል። ማንንም ነክቶ አያውቅም። ሰዉ ግን «እብዱ ትግሉ» ይለዋል፤ ልጆች ሲያስቸግሩ «ለትግሉ እሰጥሃለሁ» ይባላሉ። ፀደንያም ልጇን ሩትን ሕፃን ሳለች ብላታለች። ያን ዕለት ሕዝቡ ከጎጆው ጎትቶ አውጥቶ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ነው ፖሊስ የደረሰለት።

ጣቢያ ሲደርስ መንጋጋው አብጦ አፉ አይከፈትም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው።

«ጠብቅ አለኝ።»

ማን እንዳለው ጠየቀችው። ሰውዬው ነው አለ። የትኛው ሰውዬ ስትለው ሁለት እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ደጋግሞ አሳየ። ኤርሳዶ ራሱን ያመዋል ብሎ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠው። ፀደንያም በቃል መቀበያው ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጠብቅ አለኝ እያለ ያመካኛል» ብላ ጻፈች። ያችን «ያመካኛል» የምትል ቃል በኋላ ስታያት ወረቀቱን መንካት ተጠየፈች።

ፀደንያ ክፉ ክፉውን የምታስብ እናት ነበረች። ሩት አሥር ደቂቃ ከዘገየች፣ ፀደንያ በልቧ ለቅሶ ተቀምጣ ቀብር አስፈጽማ ትጨርሳለች። ማታ በሩን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ካልሳበች እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ሐሙስ አመሻሽ ሩት በሰላም የገባችው በሳሚ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጣ ነው። ሳሚ የቤተ ክርስቲያናቸው የሚዲያ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሩትም እዚያ በካሜራ ታገለግላለች። ትሑት፣ ሲናገር ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ እናቶች ሁሉ «እንደሱ ያለ ልጅ ይስጠን» የሚሉት። «ከዳሞታ ግርጌ»ም የእርሱ ገጽ ነው።

«እትዬ ፀደንያ፣ ሰውየው አመነ?» አላት፣ ሄልሜቱን አውልቆ በብብቱ ይዞ።

ምርመራ ላይ ነው ብላ ቪዲዮውን ማን እንደላከለት ጠየቀችው። አንድ የገጹ ተከታይ ላከው፣ ወዲያው አድራሻውን አጠፋ አለ። እርሱ ራሱ ከማለዳ ጸሎት ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣም፤ ሩትም አብራው እንደነበረች ራሷን ነቅንቃ መሰከረች። ከዚያ ለገጹ ቃል እንድትሰጠው ለመነ። ሕዝብ መረጃ ይፈልጋል አለ። ፀደንያ ቡና ጠጣ አለችው፤ ቃሉን ግን ሌላ ቀን ብላ አሰናበተችው። ልጇን የሚያደርስላት ጨዋ ሰው በመኖሩ አምላኳን አመሰገነች።

ሩት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ሰኞ የወንጀል ጥናት መግቢያ ፈተና አለባት፤ ሃንዳውቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«እማ፣ ወንጀልና ማፈንገጥ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ወንጀል እኔ ቢሮ የሚመጣው ነው። ማፈንገጥ ጎረቤት የሚያማው።»

ሩት ሳቀች። ሃንዳውቱ ግን ሌላም ይላል አለች። ያፈነገጠ የተባለ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም፤ ወንጀለኛውም ሁልጊዜ ያፈነገጠ አይመስልም። አንድን ሰው ሰዉ አስቀድሞ ስም ከለጠፈበት፣ የሚያደርገው ሁሉ በዚያ ስም ይነበባል። ሚዲያው ደግሞ ድንጋጤውን ያራግበዋል። ፀደንያ በግማሽ ጆሮዋ እየሰማች የበሩን መቆለፊያ ለሁለተኛ ጊዜ ሳበችው።

ዓርብ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ውጤቱን ነገራት። እግሯን የሰበረው ድንጋይም ዱላም አይደለም፤ በፍጥነት የመጣ ጠንካራ ነገር ነው። ጭንቅላቷ የተፈነከተው ስትወድቅ ነው። የገደላት ወደ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ። ከተመታች በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ነበረች። ከዚያ ሐኪሙ ጉልበቷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ማን አሰረው ሲል ጠየቃት። ደሟን ሊያቆም የሞከረ ሰው ነበር አላት።

ፀደንያ ወደ ጣቢያ ስትመለስ የትግሉን ሸሚዝ አየችው። ከታች ተቀዷል። ገዳይ የገደላትን ሴት እግር ለምን ያስራል?

ገበያ ውስጥ ያሉ ሴቶች ደግሞ ሌላ ስም አነሡ፤ ቦልቴ። የቅቤ አከፋፋይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጥሩዬ የእርሱን ቅቤ በሰው ፊት በጣቷ ገምሳ፣ ውስጡ የተቦካ ሙዝ እንዳለ ለገበያተኛው አሳይታ ነበር። ያን ጊዜ ቦልቴ «እግርሽን እሰብረዋለሁ» ማለቱን አሥር ሰው ሰምቷል። እግሯም ተሰብሯል።

ቦልቴ ወፍራም፣ ላብ የማይለየው ሰው ነው። ሲያስገቡት ወንበሩን ሳይሰጡት ተቀመጠ። ዛቻውን አልካደም፤ ገበያ ላይ ሰው ስንት ነገር ይላል አለ። ረቡዕ ግን ቅቤ ሊሰበስብ ሃላሌ ሄዶ እዚያው አድሯል፤ የተመለሰው ሐሙስ ከሰዓት በሚኒባስ ነው። ኤርሳዶ ለአሳዳሪው ደወለ፣ ለሾፌሩ ደወለ፤ ሁለቱም አረጋገጡ። ፀደንያ ሙዙን አስታወሰችው፤ ለሕፃናት ገንፎ የሚገዛውን ቅቤ። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሁሉም ያደርገዋል አለ። እንድትጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ፋይሏን አነሣች።

ቅዳሜ ጠዋት ሩት ለፈተናዋ ምሳሌ እየፈለገች ያችን ቪዲዮ ደግማ ከፈተቻት። ፀደንያ ከኋላዋ እያለፈች ነበር። ልታልፍ ስትል ቆመች።

«መልሺው። እዚያ ላይ አቁሚው።»

ከጥሩዬ ክንድ አጠገብ ኮባው ተቀዷል። ቅቤው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥሩዬ ስትጠፈጥፈው የቀሩት የጣቶቿ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ኮባው ላይ ጤዛ አለ። ፀደንያ አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ ይኸው ቅቤ ሳር ውስጥ ሰርጎ ጉንዳን አስምጦ ነበር።

የየካቲት ፀሐይ ነው። ጤዛ በየትኛው ሰዓት?

ቦልቴን እንደገና አስጠራችው፤ አሁን የምትፈልገው ለእውቀቱ ነው። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየውና፣ ከምር የተገረመ መሰለ።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ የአሥራ ሁለት ሰዓት ቅቤ ነው። ቢበዛ ቢበዛ የአንድ ሰዓት። በሁለት ሰዓት ተኩል ያልበዋል፣ በሦስት ሰዓት ይላላል፣ በአራት ይፈሳል። ቅቤ አይዋሽም።»

«የአንተ ይዋሻል» አለው ኤርሳዶ።

«የእኔ ሙዝ ስላለው ነው» አለ ቦልቴ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

ቪዲዮው ሲቀረጽ ጥሩዬ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። አንድ ሰው ማልዶ እዚያ ቆሞ፣ ሴትዮዋ እያጣጣረች ቀርጿታል። ከሦስት ሰዓት በላይም በኪሱ ይዟት ዞሯል፤ ሬሳው ተገኘ ሲባል «አሁን» ብሎ ለጥፏታል። ፀደንያ ጠረጴዛዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሳሚ ከማለዳ ጸሎት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብሏታል። ማለዳ ጸሎት የሚጀምረው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ቤት ገብታ ሩትን አጠገቧ አስቀመጠች። ሐሙስ ጠዋት ሳሚ መቼ ደረሰ? ሩት አሰበች። ትንሽ ዘግይቶ ነበር፤ ሰው ይጠብቀው ነበር። ሌላስ ምን ታስታውሻለሽ አለቻት። ሩት «ምንም» ልትል ነበር፤ ከዚያ ግንባሯ ተኮሳተረ። ቀጥታ ስርጭቱ መጀመሪያ ላይ ደብዝዞ ነበር አለች። ካሜራውን የተከለው ሳሚ ነው። ሌንሱ ቅባት ይዞ ነበርና እርሷ በሻሿ ጠረገችው።

ስርጭቱ እስካሁን በቤተ ክርስቲያኑ ገጽ ላይ አለ። እናትና ልጅ አብረው አዩት። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዘማሪዎቹ በጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ይወዛወዛሉ። ከዚያ የሩት ሻሽ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ ሲነሣ ሁሉም ጥርት ይላል። ሩት ተነሥታ ያልታጠበውን ሻሽ ከልብስ ክምር ውስጥ አወጣችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና እንደ እባብ ወረወረችው። ተጎምዝዞ ነበር፤ የቆየ ለጋ ቅቤ።

«እማ፣ በሞተሩ ነው ያመጣኝ» አለች። «ሐሙስ ማታ። በዚያው ሞተር።»

ፀደንያ የፈራችው ሁሉ መጥቶ ደጇ ላይ ቆሞ ነበር፤ እርሷም ቡና ጠጣ ብላዋለች።

ለሳሚ ደወለችለት፤ ያን የጠየቅኸኝን ቃል ልስጥህ፣ ቢሮ ና አለችው። ደስ ብሎት መጣ። ዳገቱን በሞተሩ ወጥቶ ከመስኮቷ ሥር አቆመ። ሞተሩ ታጥቦ ያበራል። ኤርሳዶ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ማነው ደግሞ ቅቤ የሚያነጥር?» አለ።

ፀደንያ ወርዳ ሞተሩ አጠገብ ተንበረከከች። ሽታው የሚወጣው ከጋለው ማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫው ነው። ውኃ ቅቤን አያወጣውም፤ ላቫጆ የደረሰው እስከሚታየው ድረስ ብቻ ነው። በማርሚታውና በሽፋኑ መካከል ቅቤ ጠቁሮ ተጋግሯል፤ ውስጡም የጥፍር ያህል የኮባ ቁራጭ ተጣብቋል። እንፋሎቱ አፏ ውስጥ ገባ። ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሳት።

ሳሚ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ገበያ ላይ ቅቤ ነክቼ ይሆናል አለ። ፀደንያ ስልኩን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያዘች። አጥፍቶት ነበር፤ ሙሉ ቪዲዮው ግን ከስልኩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ አልወጣም። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው።

መጀመሪያ ጥሩዬ ትታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ሃታ፣ ሃታ» ትላለች። ውኃ ነው የምትለምነው። ትግሉ ከባሕር ዛፉ እየሮጠ ይመጣል፤ ይንበረከካል፣ ሸሚዙን በጥርሱ ይቀድዳል። ፊቱን ወደ ቀራጩ አዙሮ በተሰባበረ አማርኛ «ስልክ ደውል፣ ሴትዮ አልሞተም» ይላል። ከዚያ ያ የተረጋጋ፣ ሰበር የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አይዞህ፣ አምቡላንስ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ጠብቅ። እንዳታነሣት፣ ካነሣሃት ትሞታለች።» ደግሞ ይጨምራል። «እስቲ ወደዚህ ዙር። እጅህን ከፍ አድርገው።»

ትግሉ ይዞራል። የተለጠፈችው ዘጠኝ ሰከንድ ያች ናት።

ሳሚ የሄልሜቱን ማሰሪያ ይጠመዝዝ ነበር። ፀደንያ ሄልሜቱን ስታየው፣ ትግሉ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ሲያዞር ታያት። ኪኒን ሰጥተውታል።

«ለምን አልደወልክም?» አለችው።

«እትዬ፣ ደነገጥኩ።»

«ለመቅረጽ አልደነገጥክም።»

«ላይቩ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው። ስንት ሰው ይጠብቀናል። ከዚያ በኋላ እደውላለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ረፈደ።» ቀና ብሎ አያት። «እሱ ኮ ምንም የለውም፣ እትዬ። ቤት የለው፣ ልጅ የለው። የእኔ አገልግሎት ግን ይበላሻል።»

ይህን ያለው እንደምትረዳው ተማምኖ ነበር። ከሁሉም ያንገፈገፋት ይኸው ነው።

ትግሉ እብጠቱ ጎደል ብሎለት ስለነበር ቀሪውን ራሱ ተናገረ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቋል። በጎጆው ካለው ጀሪካን ውኃ አጠጥቷታል። ፀሐይ ስትመጣ ኮባ ቆርጦ አጥልቶላታል። በመንገዱ ሰው አልፏል፤ ተጣርቷል፤ እነርሱ ግን እብዱ ነው ብለው እርምጃቸውን አፍጥነዋል። ስትሞት ሸፈናት። ሞታም ቢሆን አምቡላንሱን ጠበቀ፤ ጠብቅ ተብሏላ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲፈታ ተጻፈ። ፖሊስም እውነቱን በራሱ ገጽ አወጣ። የሳሚ ቪዲዮ አርባ አንድ ሺህ ጊዜ ተዛምታ ነበር፤ የፖሊስን መግለጫ እስከ ምሽት ያጋሩት ሰባ ሰዎች ናቸው። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ይባላል፤ የዘንድሮው ወሬ ደግሞ ወድቆም አይቆምም። ሩት ያን ምሽት አንድ ነገር ለእናቷ አሳየቻት። ሐሙስ ዕለት ከቪዲዮው ሥር «ከእንዲህ ዓይነቱ አውሬ ምድር ትጽዳ» ብላ ጽፋ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወዶላታል። ፀደንያ ልጇን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ «ያመካኛል» ብላ የጻፈችው ትዝ አላትና ዘጋችው።

ትግሉ እስከ ጣቢያው በር ሄደ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አብዛኛው የመጣው ለሳሚ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ሳህን የተደፋበት ምግብ ይዞ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየጸለየ። አንዷ ሴት ዲያብሎስ የእግዚአብሔርን ልጆች ሲፈትን እንዲህ ነው ትላለች። ሌላው ትግሉን አይቶ «ይሄን ደግሞ ለቀቁት» አለ። ከኋላ ድንጋይ መጥቶ ከቆርቆሮው በር ጋር ተጋጨ። ጎጆው ዓርብ ዕለት ተቃጥሏል፤ የነገረው አልነበረም፣ ከዚያው ከሰዉ ሰማ።

ተመልሶ ገባ። ኮሪደሩን አቋርጦ ከወጣበት ክፍል ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ነፃ ሰው ማረፊያ ቤት ማሳደር ደንቡ አይፈቅድም፣ ኢንስፔክተር» አለ ኤርሳዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዘጠኝ ሰከንድ አይቶ ሰው ማሰርም አይፈቅድም ነበር። ያን ጊዜ አላስታወስከኝም።»

በመዝገቡ ላይ «በራሱ ጥያቄ፣ ለደኅንነቱ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ነገ ሊያስጠይቃት እንደሚችል ታውቃለች። ከነገ ወዲያ የት እንደሚያድር ግን አታውቅም።

ሩት በፌስታል ምግብ ይዛ መጣች፤ የተቀቀለ ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ በትንሽ ዕቃም የሚለበልብ ዳጣ። በሩ ላይ ስትቆም ትግሉ ወደ ግድግዳው ተሸሸገ።

«ስልክ የለም?» አላት።

ሩት ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ ሁለት ባዶ እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። ይቅርታ ልትል አስባ የመጣችው ሁሉ ጠፋባት። ትግሉ አንዱን ቦይና ገምሶ ግማሹን ዘረጋላት። ተቀብላ ቆማ በላች፤ እያለቀሰች ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ወጥታ ስትሄድ ትግሉ ፀደንያን ቀና ብሎ አያት።

«ዝጋው» አላት።

«ይህ ከውስጥ አይቆለፍም» አለችው። «የሚቆለፈው ከውጭ ብቻ ነው።»

«ዝጋው። ቁልፉ አንተ ያዝ።»

በሩን ገጠመች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች። ከውጭ ለሳሚ የሚጸልዩት ሰዎች መዝሙር ይሰማል። እጇን ከመያዣው ልታነሣ ስትል ከውስጥ ድምፁ መጣ።

«አንዴ ሳበው።»

ሳበችው። እንደ ቤቷ በር፣ ሦስት ጊዜ።